ሰበታ፦ ከወጨጫ ውኃ ጋር የወረደች ከተማ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሰበታ ላይ ያርፋል።

ከአየር ጤና ተነሥቶ ወለቴንና ዓለም ገናን ያለፈ ሚኒባስ ሰበታ ሲገባ፣ ተሳፋሪው በመስኮት የሚያየው መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙ ሱቆችን፣ ረጃጅም የፋብሪካ አጥሮችንና በጭነት መኪኖች መካከል የሚሽሎከሎኩ ባጃጆችን ነው። ወንዙን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በበጋ ይቀጥንና በድንጋዮች መካከል ይሳባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ ደፍርሶ ይሞላል። ስሙ ከከተማዋ ስም ጋር አንድ ነው፤ ሰበታ ወንዝ ይባላል።

ሰበታን ብዙ ኢትዮጵያዊ በአንድ ነገር ብቻ ያውቃታል። አንዱ በሜታ ቢራ፣ ሌላው በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ፣ ሦስተኛው ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር። በዓሣ ምርምር ማዕከሏ የሚያውቃትም አለ። ባሕር በሌለበት፣ ትልቅ ሐይቅም በማይታይበት ከፍታ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከል ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ የከተማዋን ታሪክ በትክክለኛው በር ገብቷል። መልሱ ከራስጌዋ ካለው ተራራ የሚወርደው ውኃ ነው።

ተራራው ወጨጫ ይባላል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 385 ሜትር ይደርሳል። ሰበታ ከእግሩ ሥር፣ በ2 ሺህ 350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ በኩል ፉሪ ተራራ ቆሟል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ግን መሬቱ ድንገት ይለጠጥና የበቾ ሜዳ ይጀምራል፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መሬት ነው። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ይኸው ጥቁር አፈር፣ ለአዲስ አበባ ገበያ እህል ከሚያቀርቡት አካባቢዎች አንዱ ነው።

ከላይ እርጥብ ተራራ፣ ከታች ውኃ የማያሰርግ ሜዳ። ዝናቡን ተራራው ይቀበለዋል፤ በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ እያሾለከ ቀስ ብሎ ከግርጌው በምንጭ ይለቀዋል። ሰበታ የቆመችው ምንጩ በሚፈልቅበትና ወንዙ ወደ ሜዳው በሚሰናበትበት ቦታ ላይ ነው። ወንዙም ወደ ደቡብ ወርዶ ወደ አዋሽ ይገባል።

የአዋሽ ነገር ለብቻው ዝግጅት የሚሻ ቢሆንም አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ሰበታና ቡራዩ ውኃቸውን ወደ አዋሽ ይልካሉ። የቡራዩ የገፈርሳ ውኃ በአቃቂ በኩል ዞሮ ከዚያው ይደርሳል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ ግን ሌላ ናት፤ ከሜዳዋ የሚወርደው ውኃ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በአንድ ቀን ከጣለ ዝናብ የሱሉልታው ጠብታ በካይሮ በኩል ሜዲትራኒያን ሊደርስ ሲችል፣ የሰበታው ጠብታ 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ተንኖ ይቀራል። አዋሽ ባሕር አይቶ አያውቅም። መንገድ ላይ ግን ቆቃ ላይ ተገድቦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ወንጂና መተሐራ ላይም አገዳ ያጠጣል።

ወደ ተራራው እንመለስ። ከወጨጫ በስተ ምዕራብ ያለው ተዳፋት የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከአዲስ አበባ ቅርብ ርቀት ላይ ሳይጠፉ ከቀሩት የተፈጥሮ ደኖች ዋነኛው ሲሆን፣ በሰበታ በኩልም በሆለታ መንገድም ይገባበታል። ትውፊቱ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡትን አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ያነሣል። ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ ዛሬም በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለ ደን ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከለሙት ደኖች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ይኸው ነው ማለት ነው። በሱባ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አሉ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይታያሉ።

ይህ ደን ከመጥረቢያ ተርፎ ዛሬ መድረሱ ራሱ ያስገርማል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው እንደ ነበር የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የወጨጫን የታችኛውን ተዳፋት ዛሬ የሸፈነውም በአብዛኛው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ለምድጃና ለቤት ማገር ባለውለታ ሆኖ ሳለ፣ በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን ውኃውን ይጠጣል እየተባለ ገበሬው ሲያማው ይሰማል። የደን ባለሙያዎችም በዚህ ላይ ገበሬውን አይቃወሙትም።

የሰው ልጅ በዚህ አካባቢ መኖር የጀመረበትን ጊዜ በነገሥታት ዘመን መቁጠር አይቻልም። ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ መንገዱ አዋሽን በሚሻገርበት ቦታ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሆላንዱ የውኃ ባለሙያ ጌራርድ ዴከር በወንዙ ዳርቻ የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመታት ያህል ቁፋሮውን መራ፤ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎችም ተረከቡት። ጋርባ በተባለው ቦታ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኘ። ተመራማሪዎች ከአርባ ዓመታት በኋላ እንደገና መርምረው 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሆሞ ኢሬክተስ ሕፃን ነው አሉ። ይህ ማለት የጥንት ሰው ከቆላው ስምጥ ሸለቆ ወጥቶ ብርድ ባለበት፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ መኖርን የተማረው ይታሰብ ከነበረው ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የቆየ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከአዋቂዎቹ አጠገብ የሕፃናት ዱካ አለበት። ከአጠገቡ ባልጪት የሚባለው ቦታ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብረቀርቀው ድንጋይ የሚገኝበት ነው፤ ያን ድንጋይ የጥንት ሰዎች እየፈለጡ ስለት ሠርተውበታል። ዩኔስኮ መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ትውፊቱ ለቅዱስ ላሊበላ የሚሰጠው፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሁለቱንም አይቶ መመለስ ይቻላል። ብዙ አዲስ አበቤ ግን እስከ ዛሬ ይህን አላደረገም፤ ያሳዝናል።

የሰበታ ከተማ ራሷ ግን ከዚህ ሁሉ ጥንታዊነት አንጻር ትናንት የተወለደች ናት። አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ፣ በተለይም የሜታና የበቾ ጎሳዎች የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። በአፄው ዘመን አስተዳደር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የመናገሻ አውራጃ አካል ሆነ። ያ አውራጃ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ይዞ እንጨቱን፣ ወተቱን፣ እህሉንና ድንጋዩን የሚያቀርብላት ነበር።

ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ይህ የደቡብ ምዕራብ በር ለወራሪው እንቅልፍ አልሰጠውም። በዚያው ዓመት ክረምት አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲነሡ፣ ከደቡብ ምዕራብ የመጡት አረጋዊው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነበሩ። ባልቻ አባ ነፍሶ በዓድዋ በመድፈኛነት የታወቁ፣ በስተ እርጅና ግን ከሹመት ርቀው በምናኔ የቆዩ ሰው ናቸው። እጅ ስጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በ1929 ዓ.ም. ተዋግተው ወደቁ። ከሰበታ ወዲያ በወሊሶና በጅማ መንገድ ዙሪያ ደግሞ ገረሱ ዱኪ የጠላትን ሠራዊት ለዓመታት አስጨንቀዋል። ጣሊያን በበኩሉ ጦሩን ለማንቀሳቀስ ሲል የጅማን መንገድ በድንጋይ ሠራ። ሰበታን ወደ ከተማነት የገፋትም ያው መንገድ ነው። ለወታደር የተሠራ መንገድ ሰላም ሲመጣ ለቡና ነጋዴ ሆነ፤ ከጅማና ከከፋ ቡና ጭኖ የሚመጣ መኪና አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍባት ቦታ ሰበታ ሆነች። ሻይ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ አልጋ ቤት፣ የጎማ ጥገና። የመንገድ ዳር ከተማ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

ከነጻነት በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአዲስ አበባ ቀረብ ያለ፣ ግን ጸጥ ያለ ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ ሰበታ ላይ አረፈ። የዓይነ ሥውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተቋቋመባት። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች ብሬል ማንበብና መጻፍ የተማሩት በዚህች ከተማ ነው። ዓይነ ሥውር ልጅን ቤት ውስጥ መደበቅ በተለመደበት ዘመን፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መምህርና የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ አገሩ አየ። በሌላ በኩል የጌቴሴማኒ የሴቶች ገዳም ወላጅ ያጡ ልጃገረዶችን እያሳደገ፣ እያስተማረና የእጅ ሙያ እያሠለጠነ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዓለም ገና ላይ የግሬደርና የቡልዶዘር ኦፕሬተሮች የሚሠለጥኑበት ማዕከል አለ። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ መንገድ የቀደዱ ስንት ባለሙያዎች መሪ የጨበጡት እዚያ ነው።

ቢራው የመጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሜታ አቦ የተባለው የቢራ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው ከአካባቢው፣ ከሜታ፣ እንዲሁም በየወሩ በአምስተኛው ቀን ከሚታሰቡት ከአቦ፣ ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። አንድ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ፣ ጠርሙሱን አጥቦ ጋኑን አጽድቶ እስኪያልቅ ከአራት እስከ ሰባት ሊትር ውኃ ይጠፋል። ስለዚህ ጠማቂ መጀመሪያ የሚፈልገው ገብስ ሳይሆን ምንጭ ነው፤ ገብሱ በመኪና ይመጣል። ደርግ ፋብሪካውን በ1967 ዓ.ም. ወረሰው። በጥር 2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በወቅቱ ከመንግሥት ወደ ግል ከተዛወሩት ድርጅቶች ሁሉ ከፍተኛ ዋጋ ካወጡት አንዱ ነበር። ገበያው ግን እንደ ታሰበው አልሆነም፤ አዳዲስ ቢራዎች በየአቅጣጫው ተነሡ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. ዲያጆ ለተፎካካሪው ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም ከቅርንጫፎቹ አንዱ ሰበታ ነው። ከአንድ ተራራ ውኃ ቢራም አረቄም የሚወጣባት፣ አጠገቧ ገዳም ያላት ከተማ ናት እንግዲህ።

የዓሣው ማዕከል ጉዳይም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰበታ የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ዛሬ የብሔራዊ ዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። የዓሣ ጫጩት ያራባል፤ ቆሮሶና ካርፕ የመሰሉ ዝርያዎችን በየግድቡና በየኩሬው እንዲጨመሩ ያሰራጫል፤ ስለ ጣና፣ ስለ ዝዋይ፣ ስለ ሐዋሳና ስለ ቆቃ ዓሦችም ያጠናል። ለዚህ ሥራ ባሕር አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ፣ ንጹሕና በስበት ብቻ ወደ ኩሬ የሚገባ ውኃ ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ ወጨጫ ይሰጥ ነበር።

ከዚያው ከተማ ውስጥ ያለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ተቋም የሠራው ሥራ ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ከሁሉ ያነሰ ይነገርለታል። የደስታ በሽታ በ1880ዎቹ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ በታሪክ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሀብ ያስከተለ ነው። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ መሬቱ ጦም አደረ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲረጋገጥ፣ ከየቆላው ከየደጋው የተሰበሰበው የከብት ደም ናሙና ይመረመር የነበረው በሰበታ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው።

በ1990ዎቹ መንግሥት ባለሀብት ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ሲጠራ፣ ሰበታ ከሁሉም ቀድማ ተሰለፈች። መሬቷ ከዋና ከተማዋ ርካሽ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ውኃ አለ። ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ የአበባ እርሻዎች የፕላስቲክ ጣሪያቸውን ዘረጉ። ከሁሉ የገነነው የቱርኮች የነበረው አይካ አዲስ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ቀጠረ፤ ልብሱንም ወደ ጀርመን ላከ። በኋላ ዕዳው ከትርፉ በልጦ በአበዳሪው በኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ ገባ። ሰበታ በዚያ ጊዜ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሲያስነጥሰው የአንድ ሠፈር የቤት ኪራይ፣ ምግብ ቤትና ሱቅ አብረው ጉንፋን እንደሚይዛቸው ነው።

ባቡሩ የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራ ነበር። የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ለገሃር ላይ ቆሟል፤ ወደ ምዕራብ አልተሻገረም። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሥመር ግን ከለገሃር አልተነሣም። መነሻው ሰበታ ሆነ፤ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሰበታ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ ጅማ ይደርሳል የተባለው ቅርንጫፍ ግን ከወረቀት አልወረደም። የመንገደኛው ባቡር ፉሪ ለቡ ካለው ጣቢያ ስለሚነሣ፣ ሰበታ ለብዙ ተጓዥ በካርታ ላይ የምትታይ የመሥመር ጫፍ ብቻ ናት።

መሥመሩ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ሳምንቱ ግን የደስታ ሳምንት አልነበረም። ሦስት ቀን ቀድሞ፣ መስከረም 22፣ በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞቷል። ቁጣው ወደ ሰበታም ደረሰ፤ በዚያው ሳምንት በከተማዋ ዙሪያ ያሉ የጨርቃ ጨርቅና የኬብል ፋብሪካዎች ጥቃት ደረሰባቸው። የቁጣው ሥር ቀደም ብሎ የተተከለ ነበር። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድ ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል። የጥያቄው እንብርት መሬት ነው። በቾ ሜዳ ላይ ጤፍ ይዘራ የነበረ ገበሬ በካሬ ሜትር ተቆጥሮ በተሰጠው ካሣ ምን ያህል ዓመት ይኖራል? ካሣው ካለቀ በኋላስ? በፋብሪካው ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው የራሱን የድሮ ማሳ ሲጠብቅ ያድራል።

አስተዳደሩም እንደ ከተማዋ አልረጋም። ሰበታ በምዕራብ ሸዋ፣ ከዚያም በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ቆየች፤ በ2000 ዓ.ም. የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሲመሠረት ወደዚያ ገባች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንንና ኮዬ ፈጬን አዋሕዶ ሸገር ከተማን አቋቋመ። ትናንት የራሷ ከንቲባ የነበራት ከተማ በአንድ ጊዜ ክፍለ ከተማ ሆነች። በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አፈራረሱን የተመለከተ ሪፖርት አውጥቶ ሂደቱን ነቅፏል። በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ መሆኗን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል አልነበረም።

የሕዝቡ ጉዳይ ሲነሣ የሚጠቀሰው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ኢትዮጵያ ሕዝቧን በቤት ለቤት የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በሦስተኛው ቆጠራ ሰበታ 49 ሺህ ያህል ነዋሪ ተገኘባት። ወንዱና ሴቱ እኩል ለእኩል ሊባል ይችላል፤ ሴቶቹ በጥቂት መቶዎች ይበልጡ ነበር። ቡራዩም በዚያው ዓመት ከእርሷ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነበራት። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተላለፈ፤ እንደገና ተቀጠረ፣ እንደገና ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. የጸጥታ ሁኔታው አይፈቅድም ተብሎ ያለ ቁርጥ ቀን ቀረ።

ከ1999 ወዲህ በሰበታ የሆነውን ደግሞ ዘርዝረናል። አይካ አዲስ የመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው። ባቡሩም፣ ሸገር ከተማም እንዲሁ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲንር ሠራተኛው ወደ ዓለም ገናና ወለቴ የወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዛሬ የውኃ ቧንቧ፣ የትምህርት ክፍል ወይም የጤና ጣቢያ አልጋ ሲታቀድ፣ መነሻ የሚሆነው በወረቀት ላይ የተገመተ የዕድገት መጠን ነው። እንዲህ ዓይነት ግምት ለአንዲት የገጠር ወረዳ ሊያገለግል ይችላል፤ ፋብሪካ ሲከፈት በአንድ ዓመት ሠፈር ለሚበቅልባት ከተማ ግን አይሠራም።

ነዋሪውን ማወቅ የፈለገ ሰው ከቁጥር ይልቅ ገበያው ውስጥ ቢዘዋወር ይሻለዋል። ኦሮምኛው ከአማርኛው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቀላል። ከበቾ ጤፍና ሽምብራ በአህያ የሚያመጣው ገበሬ በኦሮምኛ ይዋዋላል፤ የሱቅ ባለቤቱ በጉራጊኛ ስልክ ያነሣል፤ የቡታጅራ መንገድ ከዓለም ገና ስለሚገነጠል የጉራጌ፣ የስልጤና የሀዲያ ሰው በዚህ በኩል መምጣቱ የቆየ ነው። ምሽት ላይ የፋብሪካ ሰርቪስ ሲመጣ ደግሞ የደቡቡም የሰሜኑም አነጋገር አብሮ ይወርዳል፤ አራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ፣ በወር ደመወዛቸው አገር ቤት ያለ ታናሽ የሚያስተምሩ ወጣት ሴቶች ናቸው።

ወንዙስ? በሰበታ ወንዝ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከከተማው በላይ ያለው ውኃና ከፋብሪካዎቹ በታች ያለው ውኃ አንድ ወንዝ አይመስሉም። ከታች ኦክሲጂኑ ይቀንሳል፤ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቆዳና ከመጠጥ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይደባለቃል። ያን ውኃ ግን ወንዙ ዳር ያለው ገበሬ በሞተር ስቦ ሰላጣና ጎመን ያጠጣበታል፤ ከብቱም ይጠጣዋል። ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን አጣርተው እንዲለቁ የሚያስገድድ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ማጣሪያ ያስገቡ ፋብሪካዎችም አሉ። ማጣሪያው ግን መብራትና ኬሚካል ይበላል፤ ሌሊት ተቆጣጣሪ የለም።

ከአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ የሚመጣው ቆሻሻ ደግሞ ሰበታ ላይ አይቀርም፤ ቆቃ ይደርሳል። የሰበታው የዓሣ ማዕከል ባለሙያዎች ከሚያጠኗቸው ውኃዎች አንዱ ቆቃ ነው። ከራሳቸው ደጅ የወረደውን ውኃ በመቶ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብለው፣ በዓሣው ሆድ ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ።

አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ዝግጅት እንጦጦን ተሻግረን፣ ውኃዋን ወደ ዓባይ ወደምትልከው ወደ ሱሉልታ እንሄዳለን።